ከመብቱ ቀድሞ የሚያረጅ ክር

በሐምሌ ወር 2016 ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የቪዲዮ ዴክ ማምረቱን አቆመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፉናይ በዚያን ጊዜ ቪኤችኤስ የተባለውን የቪዲዮ ካሴት የሚያጫውት አዲስ ዴክ ለገበያ የሚያቀርብ የመጨረሻው ታዋቂ አምራች ነበር። በደጉ ዘመን በዓመት 15 ሚሊዮን ያህል ሲሸጥ ኖሮ በ2015 ሽያጩ ወደ 750 ሺህ ወረደ፤ መለዋወጫም እንደ ልብ አልገኝ አለው። ብዙ ሰው ዜናውን እንደ ትዝታ ወሬ አንብቦ አለፈው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ግን እንደዚያ አላለፉትም። በአገሪቱ የቅጂ መብት ሕግ ውስጥ ለዓመታት ሲከራከሩበት የኖሩት አንድ ሁኔታ በዚያ ወር እንደተሟላ ስለገባቸው ነው።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ ኮሌጆች ለማስተማሪያ የሚሆን ፊልም የገዙት በአብዛኛው በቪዲዮ ካሴት ነበር። ከዚያ ስብስብ ውስጥ የሆሊዉድ ፊልሞች ብዙም አያሳስቡም፤ ባለቤቶቻቸው ገንዘብ ስለሚያገኙባቸው ወደ ዲቪዲ፣ ቀጥሎም ወደ ኢንተርኔት አሻግረዋቸዋል። የሚያሳስበው ሌላው ክፍል ነው። አንድ ባለሙያ በተበደረው ገንዘብ ያዘጋጀው ዘጋቢ ፊልም፣ ለጥቂት ምሽቶች ብቻ የታየ የዳንስ ትርኢት፣ የአንድ ሠራተኛ ማኅበር ታሪክ፣ ከስደተኛ ሽማግሌዎች ጋር የተደረገ ቃለ ምልልስ፤ በትንሽ ቁጥር ተባዝተው ለቤተ መጻሕፍት የተሸጡ ሥራዎች ናቸው። አከፋፋዩ ሱቁን ዘግቷል፣ አዘጋጁ በሕይወት የለም፣ ዋናው ቅጂ ማን ጋ እንደቀረ የሚያውቅ የለም። የተረፈው መደርደሪያው ላይ ያለው ካሴት ብቻ ነው።

ያ ካሴት የተሠራው ለዘመናት እንዲኖር ታስቦ አይደለም። የቪኤችኤስ ክር ስፋቱ 12.7 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ ደግሞ 20 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ሁለት ነገር ተደራርቦበታል፤ ከሥር ጠንካራ የፖሊስተር ፕላስቲክ አለ፣ ከላዩ ደግሞ የብረት ኦክሳይድ ብናኝ በሙጫ መሰል ኬሚካል ተለጥፎበታል። ምስሉና ድምፁ ያሉት በብናኙ ውስጥ ነው። ፖሊስተሩ ብዙ ዓመት ይችላል። ደካማው ሙጫው ነው። ፖሊዩረቴን የተባለው ይህ ኬሚካል ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ውስጥ ለውስጥ ይሰባብረውና ከጊዜ ብዛት ይሟሽሻል። ክሩ ይጣበቃል፤ ዴክ ውስጥ ሲሮጥ ብናኙን በየደረሰበት ያራግፋል። የተራገፈው ብናኝ የምስሉ አካል ስለሆነ ተመልሶ አይመጣም። በዚህ ላይ ሙቀት፣ አቧራና ሻጋታ አለ፣ በየጊዜው ሲታይ የሚደርስበት መፋተግም አለ። ባለሙያዎች ለቪዲዮ ክር በተለምዶ የሚሰጡት ዕድሜ እንደ አያያዙ ከ10 እስከ 30 ዓመት ነው።

አሁን ይህን ከሕጉ ጋር እናስተያየው። በአሜሪካ ሕግ አንድ ኩባንያ በ1985 አሠርቶ ያሳተመው ፊልም መብቱ የሚጠበቅለት ለ95 ዓመት፣ ማለትም እስከ 2080 መጨረሻ ነው። ክሩ በመልካም አያያዝ 30 ዓመት ቢኖር 2015 ላይ ዕድሜው አበቃ። በመካከሉ 65 ዓመት አለ። መብቱ አልቆ ማንም እንዲገለብጠው በሚፈቀድበት ቀን የሚገለበጥ ነገር አይኖርም ማለት ነው። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍት ሰዎች መብቱ እስኪያልቅ መጠበቅ አይችሉም፤ መብቱ በሕይወት እያለ መቅዳት አለባቸው። የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ይህ ነው።

ወደ ሕጉ ከመግባታችን በፊት ግን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ብናይ ይሻላል። ብዙ ሰው ካሴቱን ዴክ ውስጥ ከትቶ ኮምፒውተር ላይ መቅዳት ብቻ ይመስለዋል።

ካሴቱ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ መጀመሪያ በመስኮቱ በኩል ጥቅልሉ ይታያል። ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ያ ካሴት ሌሎቹ ወደሚሠሩበት ዴክ አይገባም፣ ሻጋታው ይዛመታልና። ከዚያ በጎኑ ያለችው ትንሽ መቆለፊያ ተጭና የፊት ክዳኑ ይነሣል፤ ክሩ መታጠፍ መጨማደዱ ይመረመራል። በጀርባው በኩል ያለችው የፕላስቲክ ጥርስ ካልተሰበረች ትሰበራለች፤ እሷ ከሌለች ዴኩ በስሕተት እላዩ ላይ ሊቀዳበት አይችልም። ሳጥኑ የተሰነጠቀ ከሆነ አምስቱ ብሎኖች ይፈቱና ጥቅልሎቹ ወደ ጤነኛ ሳጥን ይዛወራሉ። ቀጥሎ ክሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ይጠነጠናል፤ ለዓመታት ቆሞ የኖረ ክር አንዱ ጋ ጠብቆ ሌላው ጋ ላልቶ ስለሚቆይ እኩል መወጠር አለበት። ሙጫው የተሟሸሸ ሆኖ ከተገኘ፣ በተለይ ዩ-ማቲክ በተባለው የቆየ የካሴት ዓይነትና በሰፋፊዎቹ የስቱዲዮ ክሮች ላይ ይህ በብዛት ይታያል፣ ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ለብዙ ሰዓት ይጋገራል። መጋገሩ እርጥበቱን ለጊዜው ያወጣለታል እንጂ አያድነውም። የሚገኘው ጥቂት ሳምንት ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መቀዳት አለበት።

ዴኩም የራሱ ጣጣ አለው። በውስጡ ዘንበል ብሎ የሚሽከረከር፣ 62 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር አለ፤ ክሩን የሚያነቡ ሁለት ሄዶች ፊት ለፊት ተተክለውበታል። ኤንቲኤስሲ በተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ምስል ሲስተም በሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል ይዞራል። ክሩ ሲሊንደሩን ተጠምጥሞ በዝግታ ሲያልፍ ሄዶቹ ግን በሰያፍ እያቋረጡት ቀጫጭን መስመር ያነባሉ። እያንዳንዱ መስመር የምስሉ ግማሽ ነው። ይህን ሁሉ በጥንቃቄ የሚያዛምዱት ጎማዎች፣ ቀበቶዎችና ጥርሶች ያልቃሉ፤ አዲስ የሚያመርታቸው ስለሌለ አንዱን አሮጌ ዴክ ለማዳን ሌላውን ማፍረስ የተለመደ ነው። ሄዱ የሚጸዳው በአልኮል በራሰ ለስላሳ ቆዳ፣ ወደ ጎን ብቻ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የጠረገ ሰው ሊሰብረው ይችላል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቁት ዕድሜ ልካቸውን ዴክ ሲጠግኑ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም በጡረታ እየወጡ ነው። የዩኔስኮ አንድ ፕሮግራምና ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር በ2019 ማስጠንቀቂያ ሲያወጡ ያሳሰባቸው ከክሩ መበላሸት ባልተናነሰ የማጫወቻውና የባለሙያው መጥፋት ነበር። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት ደግሞ ከዚያ በፊት 2025ን የመጨረሻ ቀን አድርጎ አስቀምጦ ነበር። ያ ዓመት ደርሷል።

መቅዳቱ ሲጀመር ፍጥነት የለም። የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል። አምስት ሺህ ባለ አንድ ሰዓት ካሴት ያለው ቤተ መጻሕፍት በአንድ ዴክ፣ በቀን ስምንት ሰዓት፣ በዓመት 250 የሥራ ቀን ቢሠራ ሁለት ዓመት ተኩል ይወስድበታል፤ ያውም ምንም ነገር ሳይበላሽ። ከዴኩና ከኮምፒውተሩ መሐል ምስሉ እንዳይወላገድ የእያንዳንዱን መስመር ጊዜ የሚያስተካክል መሣሪያ ይገባል። ባለሙያው የጥቁሩንና የነጩን ልክ በመለኪያ ስክሪን እያየ ያስተካክላል፤ ብናኝ በጠፋበት ቦታ ነጭ ጭረት ብልጭ ሲል ይመዘግባል። ማሳመር የለም። ጭረቱም፣ ከምስሉ ሥር የሚንቀጠቀጠው ጠርዝም እንዳለ ይቀዳል፤ ወደፊት የተሻለ መሣሪያ ያለው ሰው ሊያስተካክለው ይችላል፣ ዛሬ ተቆርጦ የተጣለን ግን ማንም አይመልሰውም። ይህን የባለሙያዎቹን ልማድ በጣም አከብረዋለሁ። ፋይሉ ሳይጨመቅ ቢቀመጥ በሰዓት 100 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ለዚህ ነው ብዙ ቤተ መዛግብት ኤፍኤፍቪ1 የተባለውን፣ አንድም ነገር ሳይጥል የሚያጥፈውንና ማንም በነፃ ሊጠቀምበት የሚችለውን አቀማመጥ የመረጡት።

እንግዲህ ሕጉ። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 108 ስለ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ብቻ የሚናገር ነው። በ1976 ሲወጣ ለማዳን ተብሎ የሚፈቅደው አንድ ቅጂ ነበር፣ እሱም ዲጂታል አይደለም። በ1998 ሲሻሻል ወደ ሦስት ቅጂ ከፍ አለ፣ ዲጂታልም ተፈቀደ፤ «ጊዜው ያለፈበት» የሚል ሁኔታም ገባ። ታትሞ የወጣ ሥራ እንዲቀዳ በቤተ መጻሕፍቱ ያለው ቅጂ የተጎዳ፣ በመበላሸት ላይ ያለ፣ የጠፋ ወይም የተሰረቀ መሆን አለበት፤ አለዚያም የተቀዳበት ዓይነት ጊዜ ያለፈበት መሆን አለበት። ጊዜ አለፈበት የሚባለው ማጫወቻው መመረቱ ሲቆም ወይም በገበያ ላይ በአግባቡ የማይገኝ ሲሆን ነው። የፉናይ ዜና የነካው ይህችን ዐረፍተ ነገር ነበር። ከ2016 በፊት ቤታማክስና ዩ-ማቲክ የተባሉት የቆዩ የካሴት ዓይነቶች ጊዜ አልፎባቸዋል ብሎ የሚከራከር ብዙ ነበር፤ ቪኤችኤስ ላይ ግን አዲስ ዴክ ሱቅ ውስጥ እየተሸጠ እንዲህ ማለት ያስቸግር ነበር።

ሁኔታው በዚህ አያበቃም። ቤተ መጻሕፍቱ ከመቅዳቱ በፊት ሌላ ያልተሠራበት ቅጂ በተመጣጣኝ ዋጋ መግዛት ይቻል እንደሆነ በቅን ልብ መፈለግ አለበት። «ያልተሠራበት» የሚለው ቃል ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ በኢንተርኔት ጨረታ የተገኘ የሰው አሮጌ ካሴት አይቆጠርም፣ እሱም በዚያው በሽታ ታሟልና። ፊልሙ በዲቪዲ የሚሸጥ ከሆነ ግን መቅዳት የለም፣ ይገዛል። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። እነዚህን ትንንሽ ፊልሞች የሠሩ ሰዎች ከሽያጫቸው የሚያገኙት ጥቂት ነው፤ ቤተ መጻሕፍትም ከዋነኞቹ ገዢዎቻቸው አንዱ ነው። ፍለጋው ጊዜ ይበላል፤ በእያንዳንዱ ርዕስ ስም አከፋፋይ ማፈላለግ፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ መልስ መጠበቅ፣ ውጤቱን መዝግቦ ማስቀመጥ አለ። አንዱ ቤተ መጻሕፍት የለፋበትን ሌላው እንዳይደግመው «አካዳሚክ ላይብረሪስ ቪዲዮ ትረስት» የተባለ የጋራ ማከማቻ ተቋቁሟል፤ በአንቀጽ 108 መሠረት የተቀዱ ርዕሶች እዚያ ይቀመጣሉ፣ የዚያው ፊልም ካሴት ያለው አባል ቤተ መጻሕፍትም ከዚያ ያገኛል። ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ በሜሎን ፋውንዴሽን ድጋፍ ባካሄደው «ቪዲዮ አት ሪስክ» ፕሮጀክት በ2012 ያወጣው መመሪያም ፍለጋው እንዴት ቢደረግ በቂ እንደሚሆን ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ ነው።

ሕጉ ላይ የምቃወመው ነገር ግን አለ። «የተጎዳ ወይም በመበላሸት ላይ ያለ» የሚለው ቃል ጠበብ ተደርጎ ከተነበበ ባለሙያው ጉዳቱ እስኪታይ መጠበቅ አለበት። ቪዲዮ ክር ላይ ጉዳቱ ከታየ የምስሉ ክፍል ሄዷል። መጽሐፍ ገጹ ቢቢጫም ይነበባል፤ ክር ብናኙ ከረገፈ ባዶ ፕላስቲክ ነው። ሕጉን እንዲያጠና በመንግሥት የተሰየመው ቡድን በ2008 ባቀረበው ሪፖርት «ተሰባሪ» የሚል ቃል እንዲጨመር ሐሳብ ያቀረበው ይህን አይቶ ነው፤ ገና ያልተጎዳ ነገር ግን በተፈጥሮው የማይበረክት ሥራ ቀድሞ እንዲቀዳ። «ሦስት ቅጂ» የሚለውም በ«በቂ ያህል» እንዲተካ ጠይቋል፤ አንድ ፋይል በሁለት ሰርቨርና በመጠባበቂያ ሲቀመጥ ስንት ቅጂ እንደሆነ መቁጠር ትርጉም የለውምና። የቅጂ መብት ቢሮውም በ2017 ማሻሻያ የሚጠይቅ ሰነድ አወጣ። በእነዚህ ነጥቦች ላይ ሕጉ ግን እንደ 1998ቱ ነው።

ሕጉ ዛሬ ባለበት ሁኔታ እንኳ የሚፈቅደው ብዙ ነው። ከሕጉ ይልቅ ካሴት የሚገድለው ፍርሃት ይመስለኛል። ሆን ተብሎ ለተፈጸመ የመብት ጥሰት ፍርድ ቤት በአንድ ሥራ እስከ 150 ሺህ ዶላር ካሳ ሊወስን ይችላል፤ ይህን የሰማ አስተዳዳሪ «ቆይ ጠበቃ እንጠይቅ» ብሎ ሳጥኑን ወደ ምድር ቤት ይመልሰዋል። ያው ሕግ ግን ትንሽ ዝቅ ብሎ ሌላ ነገር ይላል፤ የቅጂ ሥራው ሕጉ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ የሚፈቅደው «ፍትሐዊ አጠቃቀም» ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት የነበረው ለትርፍ ያልቆመ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ይህ የሕግ ካሳ ይቀርለታል። ይህን አንቀጽ እያንዳንዱ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በቃሉ ሊይዘው ይገባል። ያልታተሙ ሥራዎች ላይ ደግሞ በሩ ይበልጥ ሰፊ ነው፤ ለሽያጭ ያልወጣ ንግግር፣ ቃለ ምልልስ ወይም የቤተሰብ ቪዲዮ በቤተ መጻሕፍቱ ስብስብ ውስጥ ካለ ለጥበቃ ሲባል እስከ ሦስት ቅጂ ማድረግ ይቻላል፤ መጎዳቱንም ማሳየት፣ ገበያ መፈለግም አይጠየቅም።

ድፍረት ምን እንደሚያደርግ ለማየት ቴነሲ ናሽቪል መሄድ ነው። በ1968 መጀመሪያ ፖል ሲምፕሰን የተባለ የከተማው የኢንሹራንስ ሰው ኒውዮርክ ሄዶ ትልልቆቹን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሲጠይቅ የምሽት ዜናቸውን ከጥቂት ሳምንት በላይ እንደማያስቀምጡ ሰማ። ክሩ ውድ ነበር፤ ይደመስሱና ሌላ ይቀዱበታል። አሜሪካ ቬትናም ላይ እየተዋጋች፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት ዓመት፣ ሕዝቡ በየምሽቱ የሚያየው ነገር ይጠፋ ነበር። ሲምፕሰን ናሽቪል የሚገኘውን የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አሳመነና ነሐሴ 5 ቀን 1968 የሦስቱን ጣቢያዎች የምሽት ዜና መቅዳት ተጀመረ። ለአጭር ጊዜ ሙከራ ተብሎ የታሰበው እስከ ዛሬ አልቆመም።

ከሦስቱ ጣቢያዎች አንዱ የሆነው ሲቢኤስ በ1973 መጨረሻ ዩኒቨርሲቲውን ከሰሰ። ክርክሩ እየተንከባለለ ሳለ ኮንግረስ አዲሱን የቅጂ መብት ሕግ እያረቀቀ ነበር፤ የቴነሲው ሴናተር ሃዋርድ ቤከር ገፍተውበት ቤተ መጻሕፍት የቴሌቪዥን ዜና እንዲቀዱና ቅጂውን በተወሰነ ቁጥር እንዲያውሱ የሚፈቅድ ሐረግ ገባ። ሕጉ በጥቅምት 1976 ሲፈረም የክሱ መሠረት ተናደ፤ ሲቢኤስ በዚያው ዓመት መጨረሻ ክሱን ተወው። ያ ሐረግ ዛሬም አንቀጽ 108 ውስጥ አለ። ልብ በሉ፤ ሐረጉ ቀድሞ ወጥቶ ቅጂው የተከተለ አይደለም። ስምንት ዓመት ያህል የተቀዳ ክር በመደርደሪያ ላይ ስለነበረ ኮንግረስ የሚጠብቀውን ነገር ማየት ቻለ።

ይህ ስብስብ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸውና ማይክል በርክ ያቀረበው የረሃቡ ዘገባ በቢቢሲ ታየ፤ በዚያው ምሽት በአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ በኤንቢሲ ቀረበ። ዓለምን ያንቀሳቀሰው ያ ዘገባ በአሜሪካ ቤቶች ውስጥ በምን ቃል ተዋውቆ፣ ከየትኛው ዜና ቀጥሎ፣ ስንት ደቂቃ ተሰጥቶት እንደታየ ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ መነሻው ቫንደርቢልት ነው። የደርግን ዘመን በውጭ ዜና ዐይን ለማጥናትም እንዲሁ። የተቀነጨበ ምስል ዛሬ በየቦታው ይገኛል። ሙሉው ዜና፣ ከነማስታወቂያው፣ ከነቅደም ተከተሉ የተረፈው አንድ ቤተ መጻሕፍት በየምሽቱ ስለቀዳ ነው።

ከቅጂ መብት ጋር የተጋጨ ሌላው የማይረሳ ታሪክ «አይስ ኦን ዘ ፕራይዝ» ነው። የቦስተኑ ሄንሪ ሃምፕተን ያዘጋጀው ይህ የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል ታሪክ 14 ክፍል አለው፤ ስድስቱ በ1987፣ ስምንቱ በ1990 ታዩ። በፊልሙ ውስጥ ከዜና ጣቢያዎች የተገዙ ብዙ ምስሎች፣ ፎቶግራፎችና ዘፈኖች አሉ፤ አዘጋጆቹ የገዙት ፈቃድ የጊዜ ገደብ ነበረው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ገደቡ አለቀ። ከዚያ በኋላ ፊልሙን በቴሌቪዥን ማሳየትም፣ አባዝቶ መሸጥም አልተቻለም። ሃምፕተን በ1998 ሲያርፍ ሥራው ከገበያ ውጭ ነበር። ለአሥር ዓመት ያህል አንድ መምህር ለተማሪዎቹ ሊያሳየው ከፈለገ ተስፋው ቤተ መጻሕፍቱ ድሮ የገዛው የቪኤችኤስ ካሴት ብቻ ነበር፤ እሱም ከዓመት ዓመት እየተጫወተ እያለቀ። ፎርድ ፋውንዴሽንን ጨምሮ ከተለያዩ ለጋሾች በተገኘ ገንዘብ ፈቃዶቹ እንደገና ተገዝተው ከ2006 ጀምሮ ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰ። ታላቅ ሥራ ስለነበር ገንዘብ የሚያወጣለት ተገኘ። እንዲህ ያለ ለጋሽ ያላገኙት፣ መደርደሪያ ላይ የቀሩት ማንም የማያውቃቸው ፊልሞች ናቸው ሁልጊዜ የሚያሳስቡኝ።

የተቀዳው ፋይል እጣ ፈንታም መነገር አለበት። በአንቀጽ 108 መሠረት የተሠራ ዲጂታል ቅጂ ከቤተ መጻሕፍቱ ግቢ ውጭ ለሕዝብ አይቀርብም። የራሱ ቤተ መጻሕፍት የዚያው ፊልም ካሴት ከሌለው፣ ካሊፎርኒያ ያለ ተማሪ ኒውዮርክ የዳነውን ፊልም ለማየት ኒውዮርክ መሄድ አለበት ማለት ነው። ይህ ገደብ የተጻፈው ፋይል በአንድ ጠቅታ ዓለምን እንደሚያዳርስ ያስፈራ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። ቢሆንም ገበያ ላይ ከሌለ ፊልም ማን ምን እንደሚያጣ ለመረዳት ይከብደኛል። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለክፍል ትምህርት ሲሆን «ፍትሐዊ አጠቃቀም» የተባለውን አንቀጽ 107 ተመርኩዘው በይለፍ ቃል ለተመዘገቡ ተማሪዎች ብቻ ያሳያሉ፤ እያንዳንዱ ጉዳይ ግን በየራሱ መመዘን አለበት።

በአገራችን ሕግም ለዚህ ሥራ ቦታ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም.፣ አንቀጽ 12፣ ለትርፍ ያልቆሙ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዛግብት፣ ሙዚየሞችና መሰል ተቋማት አንድን ሥራ ለማቆየት ወይም የጠፋና የተበላሸን ቅጂ ለመተካት እንዲያባዙ ይፈቅዳል፤ ቅጂውን በተገቢ ሁኔታ ከሌላ ቦታ ማግኘት የማይቻል ሲሆን። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የተጠራቀመው ድራማ፣ ሙዚቃና ዜና፣ በየቪዲዮ ቤቱ ሲከራይ የኖረው ፊልም፣ በየሰርጉ የተቀረጸው ካሴት ሁሉ የሚያረጀው በዚያው ኬሚስትሪ ነው።

ውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት ያለውም እንዲሁ። ዋሽንግተን፣ ሎስ አንጀለስና ሲያትል አካባቢ በ1980ዎቹና በ90ዎቹ የተቀረጹ የማኅበር በዓላት፣ የቤተ ክርስቲያን ምረቃዎች፣ የሙዚቃ ምሽቶችና የሽማግሌ ምስክርነቶች አብዛኞቹ ያልታተሙ ናቸው። አሁን እንዳየነው ሕጉ በጣም የሚላላው ለእነዚህ ነው፤ ለሕዝብ ወይም ለውጭ ተመራማሪ ክፍት ወደሆነ ቤተ መጻሕፍት ስብስብ ከገቡ ጥበቃው ይፈቀድላቸዋል። ካሴት የሚሰጥ ሰው ሁለት ነገር ቢያስብበት ባለሙያዎቹን ከብዙ ጣጣ ያድናል። አንደኛው ወረቀቱ ነው። ካሴት መስጠትና የመብቱን ፈቃድ መስጠት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ የቀረጸው ሰው በሕይወት ካለ ቤተ መጻሕፍቱ ቅጂውን በኢንተርኔት ማሳየት ይችል እንደሆነ በጽሑፍ ይፈርም፤ ያ ፊርማ ካለ ከግቢ አይውጣ የሚለው ገደብ አያግደውም። ሁለተኛው ምልክቱ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ ካሴት አብዛኛውን ጊዜ የተቀዳው በፓል ሲስተም ነው፤ የአሜሪካ ተራ ዴክ የሚያነበው ኤንቲኤስሲን ብቻ ስለሆነ ምስሉ ይንከባለላል ወይም ጨርሶ አይታይም፤ የማያውቅ ሰው ክሩ ሞቷል ብሎ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ከነቀኑና ከነቦታው «ፓል» ተብሎ በካሴቱ ጀርባ ላይ ይጻፍበት፤ በምስሉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ስም የሚያውቅ ካለም አብሮ ይጻፍ።